ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ መመረቅ፦ አሜሪካ ላሉ ሐበሾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወላጆች፣ ተማሪዎችና በቅርቡ አሜሪካ የገቡ ሰዎች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተመረጡ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ምንድን ነው?

በአብዛኛው የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ፣ ከስቴትና ከአካባቢው መስተዳድር በሚመጣ ገንዘብ የሚደጎም የመንግሥት ኮሌጅ ነው። በሩ ክፍት ነው፦ ሃይስኩል ወይም ጂኢዲ (የሃይስኩል አቻ ፈተና) የጨረሰ ሰው ይመዘገባል፣ ኤስኤቲ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አይጠየቅም፣ የሃይስኩል ውጤት ዝቅ ማለትም አያስቀርም። አንጋፋው በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ የተከፈተው ጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ ሲሆን፣ አሁን በመላ አገሪቱ 1,000 ያህል አሉ። የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው አካባቢዎች ቨርጂኒያ ላይ ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ)፣ ሜሪላንድ ላይ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ሲያትል ላይ ሦስቱ የሲያትል ኮሌጆች፣ ዳላስ ላይ ዳላስ ኮሌጅ ይታወቃሉ። አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ላይ ያለው ፔሪሜትር ኮሌጅ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

የሚገቡት ሰዎች ዓላማ ሁለት ነው። አንዱ ሙያ ይዞ ቶሎ ሥራ መግባት ይፈልጋል፤ ነርስነት፣ የጥርስ ንጽህና፣ ኔትወርክ፣ የመኪና ጥገና። ሌላው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እዚያ በርካሽ ተምሮ ቀሪውን ዩኒቨርሲቲ ሊጨርስ ያስባል። አሶሼት የሚባለው የሁለት ዓመት ዲግሪ 60 ክሬዲት (የኮርሶች መለኪያ) ገደማ ነው፤ ባችለር 120 ገደማ። እዚህ የምናወራው በዋናነት ስለ ሁለተኛው መንገድ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ያልመጣለት ሰው የሚገባበት አይደለም እንዴ?

አይደለም። አገር ቤት በ12ኛ ክፍል ፈተና የመቁረጫ ነጥብ ተደርድሮ ለኖረ ወላጅ ግን ይህን መቀበል ከባድ ነው። ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም «ልጅሽ የት ገባች?» ይባላል፤ «ኮሚኒቲ ኮሌጅ» ሲባል የሚመጣውን ዝምታ ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለ ሌላ ወላጅ ልጁን ከስቴት ውጪ ልኮ በራሱ ስም ብድር እየፈረመ እንደሆነ ግን ማንም አያወራም።

ተማሪው ተሻግሮ ሲጨርስ የሚሰጠው ዲፕሎማ የዩኒቨርሲቲው ዲፕሎማ ነው። ቨርጂኒያ ካለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የመጀመሪያ ሁለት ዓመቱን ኖቫ መማሩ ዲፕሎማው ላይ አይጻፍም። ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን ይታያል፤ ማስተርስ ሲያመለክትም የተማረባቸውን ኮሌጆች ሁሉ እንዲያሳይ ይጠየቃል። የሚደበቅ ነገር የለውም፤ መደበቅም አያስፈልገውም።

በእርግጥ ምን ያህል ይረክሳል?

ኮሌጅ ቦርድ ለ2024-25 ባወጣው አገር አቀፍ አማካይ መሠረት፣ ነዋሪ የሆነ ተማሪ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ለትምህርት በዓመት 4,050 ዶላር ይከፍል ነበር። በስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ 11,610፣ ከሌላ ስቴት ከመጣ 30,780፣ በግል ዩኒቨርሲቲ 43,350 ዶላር ነበር። አማካይ ስለሆነ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነዋሪ ለአንድ ዩኒት (ክሬዲት) የሚከፍለው 46 ዶላር ብቻ ነው። ትልቁ ቁጠባ ግን ብዙ ጊዜ ከማደሪያና ከምግብ ይመጣል። አብዛኞቹ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ዶርም የላቸውም፤ ልጁ ከቤት እየተመላለሰ ይማራል።

ነፃ የሚሆንበትም ቦታ አለ። ቴነሲ በ2015 ለሃይስኩል ተመራቂዎቿ ሁሉ መንገዱን ከከፈተች በኋላ ሌሎችም ተከትለዋል። በሲያትል ፕሮሚስ የሲያትል የመንግሥት ሃይስኩል ተመራቂ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ትምህርት ክፍያ ይማራል። ሚኒሶታ ከ2024 መጸው ጀምሮ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ነዋሪዎች በመንግሥት ኮሌጅም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲም የትምህርት ክፍያውን ትሸፍናለች። ሁሉም የየራሳቸው ቅድመ ሁኔታና የማመልከቻ ቀን አላቸው፤ ቀኑ ካለፈ መብቱም ያልፋል። ከኪስ ለከፈሉት ደግሞ ታክስ ሲያሠሩ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ የትምህርት ታክስ ክሬዲት ስላለ፣ ከኮሌጁ የሚላከውን 1098-ቲ የሚባል ወረቀት ለታክስ ሠራተኛው ይስጡ።

ፋፍሳ ማን መሙላት ይችላል? ፔል ግራንትስ ለማን ይሰጣል?

ፋፍሳ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ፎርም ነው፤ ፔል ግራንት ደግሞ በእሱ በኩል የሚገኝ እርዳታ ነው። ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው (በዲቪ የመጡትን ጨምሮ)፣ ስደተኛ ሆነው የገቡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው የፌዴራል እርዳታ ሊያገኙ ይችላሉ። የአሳይለም (የጥገኝነት) ጉዳያቸው ገና በሂደት ላይ ያለና ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያላቸው የፌዴራሉን አያገኙም፤ በስቴት ደረጃ የሚፈቀድላቸው ነገር ሊኖር ስለሚችል የኮሌጁን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ መጠየቅ አለባቸው። የሚታየው የተማሪው ሁኔታ እንጂ የወላጅ መኖሪያ ፈቃድ አይደለም፤ ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም የራሱን አካውንት ከፍቶ የልጁን ፎርም መፈረም ይችላል።

ትልቁ የፔል ግራንት ለ2025-26 በዓመት 7,395 ዶላር ነው፤ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ከላይ ካየነው የኮሚኒቲ ኮሌጅ አማካይ ክፍያ ይበልጣል፤ የተረፈው ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት ለተማሪው ይሰጣል። ትምህርቱን በግማሽ የሚወስድ ሰው ግራንቱም በዚያው ልክ ይቀንስበታል። ከ24 ዓመት በታች ያለ ተማሪ፣ ካላገባ ወይም ልጅ ካላሳደገ በስተቀር፣ ባብዛኛው የወላጆቹ ገቢ ይታያል፤ ለብቻው ተከራይቶ መኖሩ ብቻ ይህን አይለውጠውም። ፎርሙን ለመሙላት የሚከፈል ነገር የለም፤ «ፋፍሳ እሞላልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሰው ይልቅ የሃይስኩሉ ካውንስለር ወይም የኮሌጁ ቢሮ ይሻላል፣ ያውም በነፃ።

ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዤ መጥቻለሁ። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ብገባ ፔል አገኛለሁ?

አያገኙም። ፔል የመጀመሪያ ባችለር ዲግሪ ለሌለው ሰው ነው፤ ዲግሪው ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ለውጥ አያመጣም። ፎርሙ ላይ ይህ በቀጥታ ይጠየቃል። «ማን ያውቃል? የለኝም በል» የሚል ምክር በየካፌው ይሰማል፤ ሰውን አጉል ቦታ የሚያደርስ ምክር ነው። የፌዴራል ፎርም ላይ ሐሰት መጻፍ ወንጀል ነው፤ ገንዘቡም ይመለሳል፤ ዜግነት ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ መዘዙ ከገንዘቡ በላይ ነው። የፌዴራል ብድር ለዲግሪ ባለቤትም ሊፈቀድ ይችላል፤ ብድር መሆኑን ሳይረሱ።

ከዚህ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ከዜሮ መጀመር ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የውጭ ትምህርት ገምጋሚ ድርጅቶች የአገር ቤቱን ዲግሪ ከአሜሪካ ጋር አስተያይተው ወረቀት ይሰጣሉ። ኮሌጁ የትኞቹን እንደሚቀበልና በአጠቃላይ ወይስ በየኮርሱ የተዘረዘረ ግምገማ እንደሚፈልግ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ክሬዲት ለማስቆጠር የሚያስፈልገው በየኮርሱ የተዘረዘረው ነው። ዲግሪው በአግባቡ ከተገመገመ የሚቀረው ጥቂት ቅድመ ኮርስ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለዚያ ይመቻል። የባዮሎጂ ዲግሪ ያለው ሰው ነርስ ለመሆን አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ እዚያ ወስዶ፣ ሌላ ባችለር ላላቸው የተዘጋጀ የተፋጠነ የነርስነት ፕሮግራም ማመልከት ይችላል።

ገና አገር ቤት ላሉ ደግሞ አንድ ነገር፦ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ አስወጥተው፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱንም ይዘው ይምጡ። እዚህ ሆኖ በሰው በኩል ማስጨረስ ወራት የሚፈጅ ጣጣ ነው።

የነዋሪ ክፍያ ለመክፈል ስንት ጊዜ መኖር አለብኝ?

እንደ ስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ሦስት ወር ይበቃል፤ ቨርጂኒያ በአጠቃላይ አንድ ዓመት ትጠይቃለች። ሜሪላንድ ላይ ሰው የሚረሳው የካውንቲውን ጉዳይ ነው። ዋጋው ሦስት ዓይነት ነው፦ ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለሌላ ካውንቲ ነዋሪ፣ ለሌላ ስቴት ሰው። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ እየኖረ ለሥራው ስለሚቀርበው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚመዘገብ ሰው ከፍ ያለውን ይከፍላል። የቤት ኪራይ ውል፣ መንጃ ፈቃድና የታክስ ወረቀት ላይ ያለው አድራሻ አንድ ይሁን።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ይቀበሉኛል?

ይቀበላሉ፤ የት እንደሚያስቀምጡዎት ግን በምደባ ፈተና ይወሰናል። ውጤቱ ዝቅ ካለ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ) ውስጥ ይገባሉ። የኢኤስኤል ኮርሶች ባብዛኛው ወደ ዲግሪው አይቆጠሩም፤ ጊዜና ገንዘብ ግን ይወስዳሉ፤ በፔል ከተከፈሉም የዕድሜ ልክ የፔል ኮታዎን ይነካሉ። ስለዚህ ፈተናውን እንደ ፎርማሊቲ ቆጥሮ ከሥራ መልስ ደክሞ ሄዶ መውሰድ ትልቅ ኪሳራ ነው። የሙከራ ጥያቄዎች በነፃ ይገኛሉ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ተዘጋጅተው ይግቡ። ሒሳቡም እንዲሁ ነው። አገር ቤት ካልኩለስ የተማረ ሰው የክፍልፋይ ሕግ ረስቶ ከታች ጀምር ሲባል አይተናል።

በሌላ በኩል፣ መጻፍ ላይ በእውነት የሚቸገር ሰው ኢኤስኤልን መዝለሉ አይጠቅመውም። ቀጥሎ የሚመጣው የኮሌጅ ኢንግሊሽ ኮርስ በየሳምንቱ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው፤ እዚያ የተበላሸ ግሬድ ደግሞ ትራንስክሪፕት ላይ ይኖራል።

ሥራና ልጆች አሉኝ። ስንት ዓመት ይፈጅብኛል?

በሁለት ዓመት ለመጨረስ በየሴሚስተሩ 15 ክሬዲት ያስፈልጋል። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል ግን 12 ይበቃል፤ «ፉል ታይም ነኝ» ያለ ሰው በሁለት ዓመት ያልጨረሰው ለዚህ ነው። በሳምንት 40 ሰዓት እየሠራ የሚማር ሰው በአንድ ሴሚስተር ከሁለት ኮርስ በላይ ሲወስድ ብዙ ጊዜ አንዱ ይበላሻል። የማታ፣ የቅዳሜና የኦንላይን ክፍሎች አሉ፤ የሰመር (ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው) ሴሚስተርም አለ። አራት ዓመት ቢፈጅም የሚያፍርበት ሰው ሊኖር አይገባም።

ቁጥሩን ግን ማወቅ ጥሩ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሚገቡ ተማሪዎች 80 በመቶ ያህሉ ባችለር ዲግሪ እንፈልጋለን ይላሉ፤ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚሻገሩት ግን ከሦስቱ አንዱ ገደማ ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለራቸውን የሚይዙት 16 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ሥራ፣ ልጅና የኑሮ ውድነት የምክንያቱ አንድ ክፍል ናቸው። ሌላው ክፍል ያለ ዕቅድ የተወሰደ ኮርስ ነው፤ እሱ ደግሞ በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ክሬዲቶቼ በሙሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይተላለፋሉ?

«ይተላለፋሉ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ትምህርት ቤት የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ይህ ሁሉንም ዓይነት ዝውውር ያካትታል፤ ከመንግሥት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ እዚያው ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ሰው የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው። ቢሆንም አንድ ሙሉ ሴሚስተር መድገም ማንንም ያማል።

አንድ ኮርስ በሁለት መንገድ «ሊያልፍ» ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎት እንደ ትርፍ ክሬዲት ብቻ ሊመዘግበው ይችላል፤ ወይም ሜጀሩ (የሚመረቁበት የትምህርት ዘርፍ) የሚጠይቀውን ኮርስ ተክቶ ይቆጠራል። የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። ኢንጂነሪንግ የሚያስብ ተማሪ በአልጀብራ ላይ የተመሠረተውን ፊዚክስ ቢወስድ ክሬዲቱን ይቀበሉታል፤ ሜጀሩ የሚፈልገው ግን በካልኩለስ ላይ የተመሠረተውን ስለሆነ እንደገና ፊዚክስ ይቀመጣል። ቢዝነስ የሚፈልግ ሰው ካልኩለስን ፈርቶ ቀለል ያለ የሒሳብ ኮርስ ቢመርጥ ያው ነው። ኮርሶቹ ሁሉ «ያልፋሉ» ተብሎ ነበር፤ አልዋሹትም፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተው።

ስለዚህ አካሄዱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ለመጀመሪያው ሴሚስተር ከመመዝገብ በፊት የሚሻገሩበትን ዩኒቨርሲቲና ሜጀር ይምረጡ፤ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ችግር የለም። ከዚያ የዚያን ሜጀር የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ኮርሶች ዝርዝር ያውጡና ኮሚኒቲ ኮሌጁ ላይ አቻቸውን ይፈልጉ። ሜሪላንድ ላይ አርትሲስ፣ ቨርጂኒያ ላይ ትራንስፈር ቨርጂኒያ፣ ካሊፎርኒያ ላይ አሲስት የሚባሉ ድረ ገጾች ኮርስ በኮርስ ያሳያሉ። የኮሌጁ አድቫይዘር ብዙ መቶ ተማሪ ያለበት ሰው ነው፤ ይረዳል፣ ግን ዝርዝሩን ይዘው ሲሄዱ የሚሰጠው መልስና ባዶ እጅ ሲሄዱ የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም። የሚሄዱበት ዩኒቨርሲቲ የትራንስፈር አማካሪንም ያናግሩ፤ መልሱንም በኢሜይል ይቀበሉ፤ የመጨረሻው ቃል የእነሱ ነው።

«የተረጋገጠ ቅበላ» የሚባለው በእርግጥ የተረጋገጠ ነው?

ነው፣ ከነቅድመ ሁኔታው። የቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ስምምነት አላቸው፤ የተወሰነ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ይዞ አሶሼቱን የጨረሰ ይገባል። ኖቫና ጆርጅ ሜሰን በ2018 የጀመሩት አድቫንስ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ተማሪው ከመጀመሪያው ጀምሮ የሜሰንን መንገድ ይዞ፣ በአንድ አማካሪ እየተመራ እንዲሄድ ያደርገዋል። ካሊፎርኒያ ላይ ለትራንስፈር የተዘጋጀውን አሶሼት የያዘ ሰው በካል ስቴት (የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች) ሲስተም ውስጥ ቦታ ይጠበቅለታል፤ የትኛው ካምፓስ የሚለው ግን ዋስትና የለውም። የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ስምምነት ደግሞ በስድስት ካምፓሶች ይሠራል፤ ዴቪስ፣ ኧርቫይን፣ መርሴድ፣ ሪቨርሳይድ፣ ሳንታ ባርባራና ሳንታ ክሩዝ። በርክሌይ፣ ዩሲኤልኤና ሳንዲያጎ የሉበትም። ማመልከቻው የሚገባው በሴፕቴምበር ወር ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ያመልጠዋል።

ዩኒቨርሲቲ መግባትና ሜጀር መግባትም የተለያዩ ናቸው። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ነርሲንግ፣ ቢዝነስና ኢንጂነሪንግ የራሳቸው ከፍ ያለ መሥፈርት ያላቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ስምምነቱን ሲያነቡ ከውጪ የቀሩትን ሜጀሮች ዝርዝር አስቀድመው ይፈልጉ።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ያገኘሁት ግሬድ ይከተለኛል?

በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ክሬዲቱ ይሻገራል እንጂ ጂፒኤው አይሻገርም፤ አዲሱ ጂፒኤ ከዜሮ ይጀምራል። ሃይስኩል ላይ ለተዘናጋ ልጅ ሁለተኛ ዕድል የሚሆነውም በዚህ ነው፤ 30 ክሬዲትና ከዚያ በላይ በጥሩ ውጤት ከያዘ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሃይስኩሉን ውጤት ብዙም አያዩበትም። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ላይ 4.0 ያለው ልጅም የሚጀምረው ከዜሮ ነው።

ሐኪም ለመሆን የሚያስብ ግን ይጠንቀቅ። ሜዲካል ስኩል ሲያመለክት የትም ቦታ ያገኘው የኮሌጅ ግሬድ ሁሉ ይቆጠራል፤ በሃይስኩል ሳለ የወሰደው የኮሌጅ ኮርስም ጭምር።

ነርስ መሆን ነው የምፈልገው። በኮሚኒቲ ኮሌጅ ይሆናል?

ይሆናል፤ የአሶሼት ነርሲንግ የጨረሰ ሰው ለአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ፈቃድ የሚፈተነው ባለ ባችለሩ የሚፈተነውን ፈተና ነው፤ ኤንክሌክስ። ከዚያ እየሠራ ባችለሩን ይጨምራል፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም ክፍያውን ያግዛሉ።

ግን በሩ ክፍት ነው ያልነው ለኮሌጁ እንጂ ለነርሲንግ ፕሮግራሙ አይደለም። ቦታው ጥቂት ነው፣ ውድድሩ ከባድ ነው። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኢንግሊሽ፣ ሒሳብ በጥሩ ግሬድ መጨረስ፣ ብዙ ቦታም ቲስ የሚባለውን ፈተና መውሰድ ያስፈልጋል። አንዳንድ ኮሌጅ የሳይንስ ኮርሱ ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት ካለፈው አይቀበልም። ፕሮግራሙ ውስጥ ከተገባ በኋላ የሆስፒታል ልምምዱ በቀን፣ በተመደበበት ሰዓት ስለሆነ የሙሉ ጊዜ ሥራ ይዞ መቀጠል አብዛኛውን ሰው ያቅተዋል። ለዚያ ጊዜ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ማጠራቀም ወይም ወደ ሳምንት መጨረሻ ፈረቃ መዞር የተለመደ ነው።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ኮሚኒቲ ኮሌጅ መምጣት ይቻላል?

ይቻላል፤ ብዙ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ለኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ ትዌንቲ የሚባል የቅበላ ወረቀት ይሰጣሉ። ርካሽነቱ ግን ለነዋሪ ነው። የውጭ ተማሪ የሚከፍለው የነዋሪውን ብዙ እጥፍ ነው፤ ፔል የለም፤ የፌዴራል ብድር የለም። በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ ግዴታ ነው፤ ሥራ የሚፈቀደውም ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ ብቻ ነው። «እዚያ ሄጄ ሠርቼ እከፍላለሁ» የሚለው ዕቅድ እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ከግቢ ውጪ ተደብቆ መሥራት ሕጋዊ ቆይታን ያበላሻል።

ኤምባሲ ላይ የሚመጣውም ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ለምን ይህ ኮሌጅ፣ ከዚያስ የት፣ ማን ይከፍላል? የሁለቱን ዓመት ብቻ ሳይሆን የአራቱን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ሰው ወይም ገንዘብ ከሌለ፣ በእኔ አስተያየት ሙሉ ስኮላርሺፕ ከአገር ቤት ሆኖ መፈለግ ይሻላል።

ልጄ ገና ሃይስኩል ነው። አሁኑኑ መጀመር ይችላል?

በብዙ ቦታ ይችላል። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ራኒንግ ስታርት የሚባለው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለ ትምህርት ክፍያ ኮሌጅ እንዲማር ያደርጋል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም ተመሳሳይ ፕሮግራም አላቸው። ሃይስኩል ሳለ የተገኘ ክሬዲት ባብዛኛው ልጁን «ትራንስፈር» አያሰኘውም፤ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት እንደ አዲስ ገቢ ይታያል። ካውንስለሩን በ10ኛ ክፍል ያናግሩ፤ በ12ኛ ሲሆን ይረፍዳል።

ልጄ ጎበዝ ናት፣ ገቢያችን ግን ትንሽ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ይሻላል?

ሳያመለክቱ አይወስኑ። ሀብታም የሆኑት የግል ዩኒቨርሲቲዎች ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጅ የተለጠፈውን ዋጋ አያስከፍሉም፤ ማደሪያና ምግብ ሳይቀር ሸፍነው ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ባነሰ ወጪ የሚያስተምሩ አሉ። በየዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ የቤተሰቡን ገቢ አስገብቶ ግምቱን የሚያሰላ መሣሪያ እንዲኖር ሕጉ ያስገድዳል፤ አንድ ማታ ተቀምጠው ይሞክሩት።

ይህ ዕድል በዋናነት ከሃይስኩል በቀጥታ ለሚገባ ተማሪ ነው። ተመርቆ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የገባ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚያመለክተው በትራንስፈር ነው፤ እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች በትራንስፈር የሚቀበሉት ጥቂት ነው፤ ፕሪንስተን ለብዙ ዓመታት ጭራሽ አቁሞ በ2018 ነው እንደገና የጀመረው። ለአዲስ ገቢ የሚሰጠው የውጤት ስኮላርሺፕም ብዙ ቦታ ለትራንስፈር ተማሪ ያንሳል። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ለሚሻገሩ ጎበዞች ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል፤ ውድድሩ ግን አገር አቀፍ ነው። ስለዚህ ልጅቷ በ12ኛ ክፍል ሁለቱንም ታመልክት። ኮሚኒቲ ኮሌጁ የትም አይሄድም፤ መጋቢት ላይ ከዩኒቨርሲቲዎቹ የሚመጣውን የገንዘብ ደብዳቤ አይታ ትወስን።

ፔል ወስጄ መሐል ላይ ባቋርጥስ?

ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሙሉ በሙሉ ካቋረጡ ያልተማሩበት ድርሻ ወደ መንግሥት ይመለሳል፤ ኮሌጁ ራሱ መልሶ ሂሳቡን ለእርስዎ ሊልክ ይችላል። ያ ዕዳ ሳይከፈል ለሚቀጥለው ሴሚስተር መመዝገብ ይከለከላሉ። «ሪፈንዱን ልውሰድና እተወዋለሁ» ብለው የገቡ ሰዎች ከዓመታት በኋላ በእውነት መማር ሲፈልጉ የሚያገኛቸው ይህ ዕዳ ነው።

የመማር ውጤትም ይታያል። እርዳታው እንዲቀጥል ባብዛኛው 2.0 ጂፒኤና ከተመዘገቡበት ክሬዲት 67 በመቶ ያህሉን መጨረስ ይጠየቃል፤ መሐል ላይ ተትቶ «ደብልዩ» የተመዘገበበት ኮርስ ያልተጨረሰ ሆኖ ይቆጠራል። ፔል በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ለ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ላይ ስድስት ሰባት ሴሚስተር የጨረሰ ሰው ውድ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ሊያልቅበት ይችላል።

አሶሼቱን ሳልጨርስ ብሻገር ምን እጎዳለሁ?

እንደ መድረሻዎ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ካምፓሶች አሶሼት አይጠይቁም፤ የሚያዩት ኮርሶቹንና ጂፒኤውን ነው። የቨርጂኒያው ዋስትና ያለበት ቅበላና የካል ስቴቱ ግን ዲግሪው ሳይያዝ አይሠሩም። ኢንጂነሪንግና ሳይንስ ላይ አንዳንዴ አሶሼቱን ለመሙላት ሲባል ሜጀሩ የማይፈልገው ኮርስ ይወሰዳል፤ እዚያ ቀድሞ መሻገር ሊያዋጣ ይችላል። ሕይወት ቢያስቸግርና ባችለሩ መሐል ላይ ቢቆም ግን እጅ ላይ ያለ አሶሼት ከ«60 ክሬዲት አለኝ» ይሻላል። ቀድመው ከተሻገሩም አንዳንድ ስቴቶች የዩኒቨርሲቲውን ክሬዲት ወደ ኋላ ልከው አሶሼቱን ማውጣት ይፈቅዳሉ፤ ሁለቱንም ሬጅስትራሮች ይጠይቁ።

ዲግሪው በራሱ ጊዜ እንደማይመጣም ይወቁ። ኮርሱ ሁሉ ቢያልቅም ብዙ ኮሌጅ ላይ የምርቃት ማመልከቻ ተሞልቶ በቀኑ ካልገባ አይሰጥም፤ ቀኑም ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ሴሚስተር እንደተጀመረ ነው።